ክሩ ሲነጣ

ሥራዋ አየር ማውጣት ነው። መስታወት ነፊው የራዲዮ አምፖሉን ነፍቶ፣ ሲግል የሚበራውን ቀጭን የብረት ክር ውስጡ አስገብቶ ያቀብላታል፤ እሷ ፓምፑ ላይ ገጥማ ባዶ እስኪሆን ትጠብቃለች። ውስጡ አየር የተረፈበት አምፖል ሲበራ ሰማያዊ ጭጋግ ያሳያል። በዚህ ሳምንት ከተሠሩት ይህን ያላሳየው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ነገ ጠዋት ለገዢው ይሄዳል።

«ይቺ ልጅ እኛንም አየር ልታሳጣን ነው» ይላል ነፊው ሁልጊዜ። ትስቃለች።

አመሻሽ ላይ አለቃዋ ኮቱን እየደረበ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ፈትሺውና ዝጊ» አላት። «ክሩ ቀይ እንደሆነ ይቆይ። ካነጣሽው ይበጠሳል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ወንድምሽን ልትሰሚ ነው አይደል?»

አንገቷን ደፋች።

ታላቅ ወንድሟ የመርከብ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ነበሩ፤ አሁን እሷ ብቻ ናት። ትናንት በዚሁ አምፖል ስትሰማው የቴሌግራፉ ምት የትንኝ ድምፅ ያህል ነበር። ሌላ ደህና አምፖል እስኪወጣ መርከቡ ከማይሰማበት ይደርሳል።

አምፖሉን መሞከሪያው ራዲዮ ላይ ሰክታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የሚልከው ለሷ አይደለም፤ የነፋስና የማዕበል ወሬ ነው፣ ለወደቡ። እየሰማችው መሆኑንም አያውቅም። እሷ ግን የእጁን አመታት ታውቀዋለች። ልጆች ሳሉ ራት እስኪቀርብ ጠረጴዛውን በማንኪያ ሦስቴ ይመታና ማንኪያውን እስከ ጫፍ ይጎትተው ነበር። ዛሬም መልእክቱን የሚዘጋው እንደዚያው ነው፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ድምፁ መጣ፤ ሸሸ። የክሩን ኃይል መቆጣጠሪያ በጥቂቱ አዞረች። ክሩ ወደ ብርቱካንማ ሲሄድ ወንድሟ ቀረበ። ደግሞ ሸሸ። ጋሼ ያላትን አልረሳችም። ትንሽ ጨመረች። ክሩ ነጣ፤ የእጇ ጥላ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ምቱም ወንድሟ አጠገቧ የተቀመጠ ያህል ጠራ። ነፋሱን ጨረሰ። ማዕበሉን ጨረሰ። አጭር፣ አጭር፣ አጭር...

ክሩ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ነፊው እጁን እየጠራረገ ብቅ አለ። «ተበጠሰ እንዴ?»

«ተበጠሰ።»

«በቃ፣ ነገ ጋሼ ቆዳችንን ነው የሚገፈው።» ከዚያ ድምፁን ለዘብ አደረገ። «ምን አለበት፣ ሌላ እነፋልሻለሁ።»

እስከዚያ መርከቡ እንደሚርቅ ልትነግረው ፈለገች።

«ደህና እደር» አለችው።

በሩ ከተዘጋ በኋላም ማዳመጫውን አላወለቀችም። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና እስከ ጫፉ ድረስ በቀስታ ጎተተችው።