የቀኙ ስፖኪዮ

«ና! ና! ሰፊ ነው፣ ና!»

ባፈና የካራቫኑን የቀኝ ጎን በመዳፉ እየመታ አብሮት ወደ ኋላ ይራመዳል። ገዳ አሮጌው ላንድክሩዘር ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ያሽከረክራል። ከመኪናው ኋላ የታሰረው ነጭ ባለ ጎማ ቤት፣ ካራቫኑ፣ እየተንፏቀቀ ከግቢው ወደ ጌጃ ሰፈር ጠባብ መንገድ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ የልደታን ኮንዶሚኒየሞች ተሻግራ ሰፈሩ ውስጥ መግባቷ ነው። ለባፈና ግን ዓለሙ ሁሉ እንፋሎት በሸፈነው መስኮት በኩል እንደሚታይ ነበር። ሰማዩ፣ አጥሩ፣ ካራቫኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሟሙተው ወተት መስለዋል። ያምር ነበር፤ ምን ይዋሻል!

«ና! አሁንም ና! ና...»

የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ጓ! አለ።

ገዳ ፍሬኑን ረገጠ። የገዳ ሚስት ትርንጎ የስንቁን ዘንቢል እንዳንጠለጠለች ከበሩ ላይ ጮኸች።

«ኧረ በስመ አብ! ባፈና፣ አጥሩ አፍንጫህ ሥር ነው እኮ!»

«ትንሽ ነው የነካው» አለ ባፈና። እጁን ሰዶ ዳበሰው፤ ቆርቆሮው ጎድጉዷል፣ ካራቫኑ ግን ደህና ነው።

ገዳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሳቀ። «ባፌ፣ ሌሊቱን ሙሉ ላንጋኖ ስትዋኝ አድረህ ነው መሰለኝ የመጣኸው!»

እውነቱን ነው፤ በሕልሙ ሲዋኝ ነበር ያደረው።

ሁለቱ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ ተሳቢ ላይ ሠርተዋል፤ ገዳ ሹፌር፣ ባፈና ረዳት። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ባፈና «ሹፌር» ነው የሚለው፤ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ሞያሌ ጭነት አድርሰው ሲመለሱ ስንት ጊዜ በላንጋኖ አጠገብ አልፈዋል! አንድ ቀን ግን ቆመው እግራቸውን ውሃ አልነከሩም። ባለ ጭነቱ ይደውላል፣ ሹፌር ይቸኩላል፣ ሐይቁ በባፈና መስኮት በኩል ከግራሮቹ መሃል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዘንድሮ ታዲያ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ካምፑን ሲያፈርስ መሐንዲሶቹ ይተኙበት የነበረውን ካራቫን በጨረታ ሸጠውና ገዳ ገዛው። «ሐይቁ ዳር እናቆመዋለን፤ ጠዋት በሩን ከፍተን ውሃውን እያየን እንነቃለን» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባፈና ሌላ ሐሳብ የለውም። ጫማውን ሲያወልቅ ላንጋኖ ነው፤ ሽሮውን ሲያማስል ላንጋኖ ነው። ውሃው የሻይ መልክ አለው፤ ዳር ዳሩን ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይቆማሉ፤ እሱ ካራቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን አሸዋው ላይ ዘርግቷል። ገዳ ከውስጥ ያንኮራፋል። እዚያ ሕልም ውስጥ የባፈና ዓይን ጥርት አድርጎ ያያል፤ የወፎቹን ላባ ሳይቀር።

በእውኑ ግን አያይም። ስኳሩ ነው ያመጣበት። የዓይን ሐኪሟ «የቀኝ ዓይንዎ ከእንግዲህ አይመለስም አባባ፤ ግራውን እንጠብቅ» ካለችው ወራት አልፈዋል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አብነት ሰፈር አንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በዚህ ምድር ላይ እሱን ብሎ የሚጠብቅ ቦታ ቢኖር ከገዳ በስተቀኝ ያለው ወንበር ነው። የማያይ ረዳት ደግሞ ምን ይሠራል?

ትርንጎ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እኔ ስፖኪዮ ሳይገዛ ንቅንቅ አልልም። ይኼን ቤት የሚያህል ነገር ከኋላ እየጎተትክ፣ በዚች መዳፍ በማታክል መስታወት ምን ይታይሃል?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ገዳ። «ካራቫኑ ከመኪናው ይሰፋል፣ የኋላውን ጋርዶብኛል። ክንዱ ረዘም የሚል ነው የሚያስፈልገን። ነጅማ ጋ አይጠፋም፤ መንገዳችን ላይ ገዝተን እናልፋለን። ግቡ በሉ!»

ነጅማ አብነት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት ናት። ካራቫኑን እንደጎተቱ ቀስ ብለው ወደ እሷ ወጡ። ትርንጎ ከኋላ ተቀመጠች፤ ባፈና እንደ ልማዱ ፊት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን ወደ ውጭ አውጥቶ። የጠዋቱ ነፋስ ፊቱን ሲዳብሰው ሐይቁ ተመልሶ መጣ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ጩኸት፣ የብረት ቤቶቹ መዶሻ፣ የልደታ ደወል፣ ሁሉም ከውሃ ማዶ እንደሚመጣ ድምፅ ለስለስ ብሎ ይሰማዋል። ከገዳ ጋር መንገድ መውጣት እንዴት ናፍቆት ኖሯል!

«ቀኝ?» አለ ገዳ ሊታጠፍ ሲል።

ይህችን ቃል በዘመናቸው ስንት ሺህ ጊዜ ተባብለዋታል። ግራው የሹፌር ነው፣ ቀኙ የረዳት፤ ገዳ ወደ ቀኝ ዞር ብሎ የማየት ልማድ ጭራሽ የለውም። ባፈና ወደ ውጭ አየ። ብርሃን ነው፤ ነጭ፣ ጸጥ ያለ ብርሃን።

«ባዶ ነው፣ ሳበው!»

ገዳ ሳበው።

«ኡኡ!» የሚል የሴት ድምፅ ከቀኝ በኩል መጣ፤ ወዲያው የሕፃን ለቅሶ ተከተለ። ገዳ ፍሬን ያዘ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከካራቫኑ ጎማ ለጥቂት አምልጣ የአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች።

«ዓይን የላችሁም እንዴ?» ብላ ጮኸች። «ሰው መሆኔ አይታያችሁም?»

«ይቅርታ የኔ እናት፣ ይቅርታ! ተጎዳሽ?» ትርንጎ በመስኮት ግማሽ አካሏ ወጥቶ ትለማመጣለች። ሴትዮዋ ልጁን እያባበለች፣ እየተራገመች ሄደች።

«ከየት ዱብ አለች?» አለ ገዳ ግንባሩን እየጠረገ። «ባፌ፣ ከየት መጣች?»

«እንጃ» አለ ባፈና።

እንጃ! እንዲህ ያለ መልስ ለገዳ ሰጥቶ አያውቅም። ክንዱን ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ሰበሰበ። የሕፃኑ ለቅሶ ሱቁ ደጃፍ እስኪደርሱ ከጆሮው አልወጣም።

ነጅማ ካራቫኑን ስታይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጋሼ ገዳ፣ ቤትዎን ተሸክመው ነው እንዴ የሚዞሩት?»

«ሚስቴ ከቤት መራቅ አትወድም፣ ምን ላድርግ?» አለ ገዳ።

ነጅማ የጉዟቸውን ነገር ከሰማች በኋላ ከመደርደሪያው እያወረደች ባንኮኒው ላይ ደረደረችላቸው። «ይኼ በላስቲክ ነው የሚታሰረው። ዋጋው ጥሩ ነው፣ ግን ፍጥነት ሲጨምሩ እስክስታ ይወርዳል፤ ኋላ አልነገርሽኝም እንዳይሉኝ። ይኼ ሆዱ ነፋ ያለው ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ የቀረበውን መኪና ግን ያርቀዋል። ይኼኛው ደግሞ ሜዳ መስታወት ነው፤ በብሎን ይጠብቃል፣ ክንዱን እንደፈለጉ ያስረዝሙታል።»

ገዳ የግራዎቹን አንድ በአንድ እያስገጠመ ሹፌር ወንበር ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ለሙሽራ ልብስ እንደሚለካ ሰው ተንቀባረረ። በመጨረሻ ሜዳው ሲገጠምለት በጥፊ መሪውን መታው።

«ይኼ ነው! ካራቫኑ እስከ ጭራው ወለል ብሎ ታየኝ። ይኼን ስጪኝ ነጅማ፣ የግራውን ብቻ።»

«የግራውን ብቻ? ጋሼ፣ አንድ እግር ጫማ ይሸጣል እንዴ? ጥንድ ነው!»

«የቀኙማ አለኝ» አለ ገዳ፤ ወርዶ የባፈናን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «ይኸውልሽ፣ የማይሰበር። ሚሌ ላይ የተሳቢያችን የቀኝ ስፖኪዮ እንደተሰበረ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ አልቀየርነውም፤ ምን ሊያደርግልን?»

«ገዳ፣ ሁለቱንም ግዛ እንጂ፤ ምን ትሰስታለህ?» አለች ትርንጎ። መንገድ ላይ የሆነው ከፊቷ አልጠፋም።

«የስስት ነገር አይደለም! ባፌን አጠገቤ አስቀምጬ የቀኝ ስፖኪዮ ብገዛ ስድብ ነው። እሱን ምን ልለው ነው?»

ባፈና ደስ አለው። ደስታውም እንደ እሳት ፈጀው። ዝም ቢል በቃ ይሄዳሉ፤ ከሰዓት ላይ ውሃው ዳር ናቸው። ዝም ማለት ምን ይከብዳል? ወራት ሙሉ ችሎበታል። ሐይቁን አስታወሰ፤ ደረጃውን፣ አሸዋውን፣ ወፎቹን። ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ግን ከውሃው ዳር፣ በቀኝ በኩል፣ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። ፊቷን ሊያይ ቢሞክር አልታይ አለው። ወደዚያ ሂጂ ብሎ ሊያባርራት ፈለገ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«የቀኙንም ስጪው» አለ።

«ምን?» አለ ገዳ።

«የቀኙንም ግዛ ሹፌር። እኔ አላይም።»

ገዳ ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። የባፈናን ፊት ሲያይ ተወው።

«እንዴት አታይም?»

«በቃ አላይም። ቀኙ ዓይኔ ጭራሽ የለም። ግራውም ጭጋግ ነው። ከጥምቀት በፊት ጀምሮ።»

«ጠዋት አጥሩ...»

«አላየሁትም።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሷንም አላየኋትም። ጩኸቷን ነው የሰማሁት።»

«ልጅ አዝላ ነበር እኮ ባፈና!» የገዳ አጠራር ተለወጠ፤ «ባፌ» ማለቱ ቀረ። «ገድለናት ቢሆንስ? ያንተን ቃል አምኜ አይደል እንዴ መሪ የማዞረው? ለምን አልነገርከኝም?»

«ትተኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ፈርቼ ነው። ዓይን የሌለው ረዳት ምን ያደርግልሃል? ጭነት ነው የምሆንብህ።»

ገዳ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ካራቫኑን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ጎማውን በእግሩ መታው፤ ከኋላው ተሰውሮ ቆየ። ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ነጅማ ወደ ውስጥ ገብታ ሁለት የቀኝ ስፖኪዮዎች ይዛ ወጣች፤ አንዱ ሆዱ የተነፋው፣ አንዱ ሜዳው። ባፈና ደጃፉ ላይ ተገትሮ የጫማ ድምፅ ያዳምጣል። ወደ አብነት ክፍሉ በእግሩ የሚመለስበትን መንገድ በልቡ ሲያስላው ነበር።

የጫማው ድምፅ ተመለሰ።

«ጭነት ብትሆንስ?» አለ ገዳ። «ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ምን ሆነና ነው? ጭነት መጫን አይደል እንዴ? ደደብ!»

የባፈናን እጅ ስቦ ስፖኪዮዎቹ ላይ አኖረው።

«በል አሁን ምረጥ። የቀኝ በኩል ያንተ ነው፤ እኔ ስለ ቀኝ ምን አውቅልሃለሁ?»

ነጅማ መጀመሪያ ሆዱ የተነፋውን ገጠመች። ገዳ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሰጠው። ባፈና መዳፉን ስፖኪዮው ጀርባ ላይ አሳረፈ፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። «ይኼ ይንቀጠቀጣል» አለ። ሜዳው ተገጠመ። እጁን እላዩ ላይ አቆየ፤ ክንዱን ሳብ አደረገ፣ ብሎኑን በጣቱ ፈተነ።

«ይኼኛው ነው። ይኼ አይዋሽህም።»

ከዚያ የካራቫኑን ጎን እየዳበሰ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ወርቃማ ጭጋግ ሆኖ ይንሳፈፋል።

«ሹፌር! ታየሁ?»

ገዳ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አይቶበት ወደማያውቀው አቅጣጫ አንገቱን አዞረ።

«ትንሽ ወደ ውጭ ውጣ... ትንሽ... አሁን ታየኸኝ። ሙሉህን ታየኸኝ ባፌ።»

ባፈና ኮቱን አስተካከለ። እየዳበሰም ተመለሰ። የፊቱን በር ከፈተ፤ አልገባም።

«ትርንጎ፣ አንቺ ፊት ግቢ።»

«ኧረ ቦታህን አልነካም!»

«ግቢ ስልሽ። ከመስታወቱ ጋር እስኪለማመድ የሚያየውን አብረሽው እይለት። ሰው በአንድ ቀን አይለምድም።»

ትርንጎ ባሏን አየችና ገባች። ባፈና በሩን ዘጋላት፤ እሱ ከኋላ ገብቶ ኮቱን አወለቀ፣ አጣጠፈው፣ መስኮቱ ላይ አስደግፎ ራሱን ጣል አደረገበት።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ ገዳ።

«ልተኛ።»

ገዳ ሙሉ በሙሉ ዞሮ አየው። በኖሩበት መንገድ ሁሉ፣ ሹፌር እየነዳ ረዳት አይተኛም፤ ባፈና አንዲት ሰዓት እንኳ ዓይኑን ከድኖበት አያውቅም። የገዳ ዓይን ሲከብደው የሚያወራለት፣ ጨዋታ ሲያልቅበት እንቅልፍ እንዳይጥለው ስኳር እየላሰ ነቅቶ የሚያድርለት እሱ ነበር።

«ላንጋኖ ስንደርስ ቀስቅሱኝ» አለ ባፈና፤ ዓይኖቹን ከደነ።