የሦስት ደቂቃ ናፍጣ

ጓድ ለይኩን ጎንበስ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሠረቀብርሃን ንፍሮ ሊዘግን እጁን ዘርግቶ ነበር። እጁ እዚያው ሳህኑ ላይ ቀረ። ሰውየው በብብቱ ሰማያዊ ክላሴር ይዟል፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ደግሞ ክላሴር አይዝም።

«ያጽናችሁ» አለ ጓድ ለይኩን ለሁሉም። ማን እንደሚያጸና አልተናገረም፤ በዚያ ዘመን እንደ እሱ ላለ የአስተዳደር ኃላፊ እግዜርን መጥራት አይመችም ነበር። ከዚያ መጥቶ ሠረቀብርሃን ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትናንት ብትፈርም ኖሮ እኮ ላምበረት ድረስ ባልመጣሁ። ሪፖርቱ ዛሬ መግባት አለበት።»

«ዛሬ ሣልስቱ ነው፣ ጓድ ለይኩን። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምንም አይልም። አንድ መስመር ነው፦ አደጋው የደረሰው ሾፌሩ የሞተር ዘይት ባለማየቱ ነው። ጋራዡን የምትመራው አንተ ነህ፤ ፊርማህ ያስፈልጋል።»

ሠረቀብርሃን ያቺ አንድ መስመር ምን እንደምታደርግ ያውቃል። ሟቹ ሾፌር አካሉ በራሱ ጥፋት ሞተ ከተባለ ሚስቱ የሺሃረግና ሁለት ሴት ልጆቹ የጡረታ አበል አያገኙም። አልፈርም ካለ ደግሞ እውነተኛውን ምክንያት መጻፍ አለበት። እውነተኛው ምክንያት ወደ ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ይወስዳል፤ ትእዛዙም ዞሮ ዞሮ ወደ ሠረቀብርሃን አፍ ይመጣል። ለዚህ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ሲመላለስ ከድንኳኑ አልፎ ቤት ገብቶ የሺሃረግን ያላጽናናት።

አካሉ የደን ልማት መሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነበር። በ1976 ያቺ ነጭ የናፍጣ መኪና ከነቱርቦዋ ስትመጣ ቁልፏን የተረከበው እሱ ነው። ሌላው መኪና እያቃሰተ በአንደኛ ማርሽ የሚወጣውን ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት እሷ በሁለተኛ ሽቅብ ትለው ነበር። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ አየሩን እየጨመቀ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ቱርቦው ነው። አካሉ ይህን ላገኘው ሁሉ ያስረዳል፤ የባሕር ዛፍ ጥበቃዎች እንኳ አልቀሩትም። መመሪያው በአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ዘይት ቀይር ሲል እሱ በአምስት ሺህ ያስቀይራል። «መመሪያውን የጻፈው ሰው የእንጦጦን አቧራ መች ቀመሰው!» ይላል። ጠዋት ጠዋት የካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ሠረቀብርሃን «እስቲ ደግሞ ክኒን እዘዝላት!» እያለ ያበሽቀው ነበር።

አንድ ሌላ አመልም ነበረው። ዳገት ወጥቶ ሲቆም ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም። ቱርቦ በደቂቃ መቶ ሺህ ጊዜ ይሾራል፣ ክፉኛ ይግላል፤ ሞተሩ በድንገት ከጠፋ የሚያቀዘቅዘው ዘይት ቀጥ ይልና እዚያው ያርራል። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ዝም ብላ እንድትዞር ይተዋታል። ሦስቱን ደቂቃ በሰዓት አይለካም፤ አባታችን ሆይን ስድስት ጊዜ ደግሞ ሲጨርስ ቁልፉን ያዞራል።

መዘዙ የመጣው ከሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁሉም ሰው ጓደኛውን መተቸት አለበት፤ ያልተቸ ራሱ ይጠረጠራል። ሰዉም መላ አበጀ፤ ሁለት ሁለት እየሆነ አስቀድሞ ይነጋገራል።

«እኔ ያረፍዳል እላለሁ» አለ አካሉ ጋራዡ ደጃፍ ላይ። «አንተስ?»

«ናፍጣ ያባክናል ልበል? ቆሞ ሞተር አያጠፋም ብዬ።»

«በል እሷን በል! ማንንም አትጎዳም።»

ሠረቀብርሃንም ስብሰባው ላይ እንደተነጋገሩት አለ። ናፍጣ በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ቃሉ ሜዳ ላይ አልወደቀም። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ የፈረመበት ሰርኩላር ተለጠፈ፤ የቆመ መኪና ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፣ ይህን የጣሰ በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠየቃል። ሠረቀብርሃን እዚያው ቆሞ ደጋግሞ አነበበው። ቢሮ ገብቶ «ይህቺ መኪና እንደሌሎቹ አይደለችም» ማለት ይችል ነበር፤ ሙያው ነው። አልገባም። አካሉ «ጸሎቴን አስቀነስከኝ» ብሎ ሣቀና እንደታዘዘው ማጥፋት ጀመረ። እንዲህ ሆነው ስድስት ወር ሄዱ።

ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ በኩል የፀዳለ ድምፅ ተሰማ። ፀዳለ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ የዚያን ቀን መኪናው ላይ ነበረች። ለመጣ ሁሉ ትናገራለች፤ አሁንም ለአዲስ መጪዎች እየተናገረች ነው።

«ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ለብቻው ጮኸ! ኧረ ቁልፉን ነቅሎ በእጁ ይዞት እንኳ ይጮኻል! ጭሱ እኛኑ እስኪጋርደን ድረስ። ፍሬን ይዞ ከጋራው አስደገፋትና ‹ውረዱ! ሩጡ!› አለን። ዘጠኝ ነፍስ ወረድን። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ አየር የሚገባበትን በጃኬቱ ሊደፍን ሲታገል ፈነዳ። የብረት ስባሪ ደረቱን… ወይኔ አካሉ!»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። ሠረቀብርሃን ግን ማልቀስ አቃተው። ስብርባሪውን በእጁ አገላብጦ አይቷል። ቱርቦው ውስጥ ዘይቱ አርሮ ከሰል ሆኗል። ከተበላው ቱርቦ የሚፈሰውን የገዛ ዘይቱን ነበር ሞተሩ የሚያነደው፤ ቁልፍ ያላቆመው ለዚያ ነው። ዘይቱን የጨረሰው ሞተሩ ራሱ ነው። አካሉማ የዚያን ቀን ጠዋት የዘይቱን ልክ አይቶ ነበር።

«አስብበት» አለ ጓድ ለይኩን፣ ሪፖርቱን ከክላሴሩ አውጥቶ ከብዕሩ ጋር እየሰጠው። «አንተም የልጆች አባት ነህ።»

ሠረቀብርሃን ብዕሩን ተቀበለ። ወረቀቱን ገለበጠና በጀርባው መጻፍ ጀመረ።

«ምን እየጻፍክ ነው?»

«ምክንያቱን።»

ጽፎ ፈረመ። ሰውየው ወስዶ እንዳይቀድበት ብሎ ተነሥቶ ቆመና ሰው ሁሉ እንዲሰማ አነበበው፤ «ሞተሩ የተበላሸው ሳይቀዘቅዝ እንዲጠፋ በመታዘዙ ነው። ትእዛዙ የወጣው እኔ በስብሰባ ላይ በሰጠሁት ሂስ ነው። አካሉ ጥፋት የለበትም።»

የጓድ ለይኩን ፊት አመድ መሰለ። «ራስህን በላህ! እኔ የለሁበትም» አለና ወረቀቱን ክላሴሩ ውስጥ ከትቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

የሺሃረግ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ተነጋግረን ነበር፣ የሺ…» አለ ሠረቀብርሃን።

«እሱንስ ነግሮኛል። ሰርኩላሩ ሲለጠፍስ? ሞተሩ እንደሚቃጠል ታውቅ አልነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ፈራሁ።»

ብዙ አየችው። ከዚያ ዞራ ቤት ገባች። ሠረቀብርሃን አለቀልኝ አለ። አግዳሚው ላይ ከጎኑ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ፤ አልፈረደባቸውም። መንገዱ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሊያስሩት የመጡ እየመሰለው ዞር ብሎ ያያል።

የሺሃረግ ስትመለስ የአካሉን ጋቢ አራት አጥፋ ይዛለች። ሰው መሐል አልፋ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ያዘው። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያስተኙት አሉ።»

«የሺ፣ እኔ እኮ…»

«ያዘው አልኩህ!»

ጋቢው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እሱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። እሷ ግን ጫፉን አልለቀቀችም፤ እንደያዘችው ቆመች።