የኑሪ እንቅልፍ

ኑሪ መተኛቱን የማያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም። ቂርቆስ ውስጥ በጭቃ ግድግዳ በተጣበቁ ቤቶች መካከል ምስጢር የሚባል ነገር ድሮም የለም፤ የኑሪ ማንኮራፋት ደግሞ ጨርሶ ለምስጢር የሚሆን አልነበረም። የግድግዳ ጎረቤታቸው እትዬ ምንዳዬ ጠዋት ጀሚላን ቧንቧው ጋ ሲያገኟት፣ «ትናንትም ባልሽ ሲኖትራኩን ዳገት ሲያስወጣ አደረ» ይሏታል። ጀሚላም ትስቃለች። ባሏ ነው፤ ምን ታድርግ?

የማያስቀው ሌላው ነበር። ኑሪ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ ድንጋይ ሲፈልጥ ያደረ ይመስላል። ራሱን ይወቅረዋል። ለገሃር ባለችው የመጋረጃ ጨርቅ ሱቁ ውስጥ መቀስ እንደያዘ ቆሞ ያንቀላፋል። የደንበኛ መስኮት ለክቶ ሲመለስ ልኩ ከጭንቅላቱ ይጠፋል። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ አለው፤ የደም ግፊቱ አልወርድ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ጨዋታ አዋቂው ኑሪ በትንሹ በትልቁ የሚቆጣ ነጭናጫ ሆኖ ማረፉ ነው።

እንደኛ ሰው ልማድ በሽታው በየብልቱ ተከፋፈለ። እግሩን ወጌሻ አሸው። ለራስ ምታቱ ከፋርማሲ ክኒን ተገዛ። ለመርሳቱ ነጭ ሽንኩርት በማር ታዘዘ። ሌሊት እየተንፈራገጠ የሚባንነውን ደግሞ እትዬ ምንዳዬ፣ «ዱካክ ነው፤ ትራሱ ሥር ብረት አድርጊለት» ብለው ገላገሏት። ጀሚላ ቁርአን ቀራችለት፤ ብረቱንም አልተወችም። የጨነቀው ሰው ምን ይመርጣል! ለጉሮሮው ብቻ አንድም ሰው መድኃኒት አላዘዘለትም።

ነገሩ የፈረጠው ለቅሶ ቤት ነው። ካዛንቺስ የሚኖረው የእድራቸው አባል አርአያ ሚስቱ ሞታበት፣ ኑሪና ጀሚላ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። አርአያ ሟቿን እያነሳ በሚያለቅስበት ሰዓት ኑሪ ድንኳኑ መሀል ተቀምጦ አንኮራፋ። መጀመሪያ ልጆች ሳቁ፤ ከዚያ አዋቂዎቹም ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጀሚላ ጎኑን ብትጎሽመው ክው ብሎ ነቃ፤ የት እንዳለ እንኳ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ተነስቶ አርአያን ይቅርታ ጠየቀ። ቤት ሲደርሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ጀሚ፣ ሰው ሚስቱን ቀብሮ ሲያለቅስ የምተኛ ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?»

ልጃቸው ሳምራ ይህን ስትሰማ አላስችል አላት። «አባ፣ በቃ! ማለቴ፣ ሽንኩርትና ብረት ምናምን ይቁም። ነገ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለች። ሄዱም።

ሐኪሟ የኑሪን አንገት በሜትር ለካች፤ አፉን አስከፍታ ጉሮሮውን አየች። ከዚያ እሱን ትታ ወደ ጀሚላ ዞረች።

«እናቴ፣ ሲተኙ ትንፋሻቸው ቀጥ የሚልበት ጊዜ አለ?»

«አለ… ዱካኩ ሲይዘው» አለች ጀሚላ አፍራ። «ቀጥ ይልና ድንገት አጓርቶ ይመለስለታል።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጉሮሯቸው ይዘጋል፤ አየር ያጥራቸዋል። አእምሯቸው ደንግጦ ያባንናቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ግፊቱም፣ ራስ ምታቱም፣ መርሳቱም፣ ንጭንጩም የመጣው ከዚህ ነው። ልባቸውም ደክሟል፤ እግራቸው የሚያብጠው ለዚያ ነው» አለች። ሲተኛ አየር የሚገፋለት መሣሪያ ታዘዘለት፤ ወረፋ ግን ነበረው። እስኪደርስ በጎኑ እንዲተኛ፣ ትንፋሹ ሲቆም እንዲቀሰቀስ ተነገራቸው። «በጎናቸው ሲተኙ ድምፁ ከቀነሰ ጥሩ ነው» ብላ ሸኘቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጀሚላ ዘበኛ ሆነች። ኑሪን በጎኑ አስተኝታ፣ ጀርባውን በትራስ ደግፋ ትንፋሹን ስታዳምጥ ታነጋለች። ቀጥ ሲል «ኑሪ!» ትላለች፤ ያጓራና ይመለሳል። ዓይኗ ጎደጎደ፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «አንቺንም ይዤሽ ልጠፋ ነው» ይላታል እያዘነ። እሷ ግን ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኑሪ አንዲት ቀን እንኳ የሰላም እንቅልፍ እንዲተኛ።

አንድ ዓርብ ኑሪ ከጁምዓ ተመልሶ ምሳውን በላና በጎኑ ጋደም አለ። ጀሚላ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ማንኮራፋቱ ጀመረ። እየቆየ ለዘብ አለ። ከዚያ ጠፋ።

ጆሮዋን አቅንታ ማጓራቱን ጠበቀች። አልመጣም። ቀጥ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያጓራ ነበር፤ ሁልጊዜ ያጓራል። በበሩ ብታይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ሳይንፈራገጥ፣ ሳይባንን። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እንባዋ መጣ። በጎኑ መተኛቱ ሠራ!

የግቢው ልጆች ኳስ እየለጉ ሲንጫጩ ተነስታ ኳሱን ቀማቻቸው። «ዛሬ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ውጭ ተጫወቱ!» አለች በሹክሹክታ። እትዬ ምንዳዬ ራዲዮናቸውን እንዲያጠፉላት ለመነቻቸው፤ አጠፉላት፤ «እሰይ፣ እሰይ» አሉ። ሳምራ ከሜክሲኮ ታክሲ ወርዳ ስትመጣ እናቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለቻት።

«ስሚ እስቲ። ምንም የለም!»

ሳምራ ሰማች። ምንም የለም። ደስ ብሏት እናቷን ጉንጯ ላይ ሳመቻት፤ ጫማዋን አውልቃ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች በአባቷ አልጋ አጠገብ አለፈች።

የአስር አዛን ሲል ጀሚላ ሶላቱ እንዳያመልጠው ልትቀሰቅሰው ገባች። «ኑሪ» አለች ቀስ ብላ። ደገመች። እጁን ያዘችው፤ ቀዝቅዟል።

ግቢው በጩኸቷ ተሞላ። የመጣው ሰው ሁሉ ሊያጽናናት፣ «ሳይሰቃይ፣ በእንቅልፉ ሄደ፤ መታደል ነው» ይላል። ጀሚላ ደረቷን እየደቃች የምትለው ሌላ ነበር፦

«እኔ ነኝ! ልጆቹን ዝም አሰኝቼ፣ ራዲዮ አስጠፍቼ! ቢንጫጩለት እኮ ይነቃ ነበር! እያለቀብኝ ደስ ብሎኝ ጠበቅኩት!»

ሳምራ እናቷን አቅፋ «አይደለም፣ አንቺ አይደለሽም እማ» ልትላት አፏን ከፈተች። እሷም በጣቷ ጫፍ ረግጣ ማለፏ ትዝ ሲላት ድምፅ አጣች።