የድምፅ ማጉያው እግር

ይርሳው መዳፉን የኔታ የሚተኙበት መደብ ላይ ዘርግቶ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። መደቡ ይመታል። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የመጽሐፍ ማኅደርም አብሮ ይርገበገባል።

"ተሰማህ?" አሉ የኔታ።

"በእጄ ተሰማኝ፣ የኔታ።"

"እኔ በወገቤ ነው የምሰማው። ጋደም ብልም አይተወኝ።"

የኔታ ወልደ ኪዳን ቢቸና ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ነጥቶ ዓይናቸው የደከመ መምህር ናቸው። ጎጇቸው ከደብሩ አጥር ሥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የወይዘሮ ይርጋነሽ ቡና ቤት አለ። እነዚህ ሁለት ቤቶች ለብዙ ዘመን ተከባብረው ኖረዋል። ይርጋነሽ ፆም በተፈታ ቁጥር ጠላና እንጀራ ትልካለች፤ የኔታም እንግዳ አያሳጣሽ ብለው ይመርቋታል። ምርቃቱ ሠርቶ ነው መሰል እንግዳው በዛና ይርጋነሽ ከአዲስ አበባ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ አስመጣች፤ ባለ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ። ድምፅ ማጉያዎቹን ከጃንሆይ ፎቶ ግራና ቀኝ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። ሲመሽ ማጓራት ይጀምራሉ።

ያ ሰዓት የኔታ ለተማሪዎቻቸው ቅኔ የሚዘርፉበት ነው። ጧት መቅደስ ናቸው፤ ቀን ደግሞ ተማሪዎቹ ቁራሽ ሲለምኑና በየጥሻው ተቀምጠው ቅኔ ሲቆጥሩ ይውላሉ። ከምሽት ሌላ ጊዜ የለም።

"ይኼ ካልቆመ ጉባኤውን ከዚህ ማንሣቴ ነው" አሉ የኔታ።

"በዚህ ዕድሜዎ ወዴት ይሄዳሉ?"

"እሱን እኔም አላውቀው፣ ልጄ።"

ይርሳው ደነገጠ። እሱም ከዚያው ጎጆ የወጣ ነው። አባቱ ሞቶ እናቱን ለመጦር መጋዝ እስኪያነሣ ድረስ የኔታ ከቁራሻቸው እያካፈሉ አስተምረውታል። አሁን ቢቸና ውስጥ በር ያሰኘው፣ አልጋ ያማረው ሁሉ የሚፈልገው አናጢ ሆኗል፤ የኔታ ፊት ሲቀርብ ግን አሁንም ቅኔ የተበላሸበት ተማሪ ይመስለዋል። እሳቸው ከዚያ ጎጆ ከወጡ ለእሱ ቢቸና ቢቸና አትሆንም።

"የኔታ፣ ድምፁ የሚመጣው በመሬት ነው። ድምፅ ማጉያዎቹን ከመሬት ላንሣቸው። እግር ልሥራላቸው።"

"ይተወናል?"

"ይተወናል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ይርጋነሽ ሐሳቡን ስትሰማ ልትስመው ምንም አልቀራት። "ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ!" አለችው። "ሰካራሙ ሁሉ ቢራውን ይደፋባቸዋል። ባለፈው የወባ ማጥፊያው ሾፌር ዱካ መስሎት አንዱ ላይ ተቀምጦ አመሸ። ሥራልኝ፣ ግን አሳምረህ።"

አሳምሮ ሠራው። ለበር ያስቀመጠውን ደረቅ የዋንዛ ሳንቃ አወጣ። አራቱን ሳንቃ ገጣጥሞ ወገብን አልፎ ደረት የሚደርስ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ዓምድ አደረገው። መጀመሪያ ሲሞክረው ዓምዱ ራሱ ይጮኽ ጀመር፤ ባዶ ነገር መጮኽ ይወዳል። ስለዚህ ከወንዝ አሸዋ አምጥቶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ እስከ አፉ ሞላው። መሠረቱን ከከባድ ወይራ አደረገና ከሥሩ የታጠፈ የበሬ ቆዳ ቸነከረበት፣ ንዝረቱ ወደ መሬት እንዳይወርድ። ሚስቱ ደስታነሽ ምሳ ስትጠራው አይሰማም፤ "እግር ሳይሆን ታቦት የምትሠራ ነው የሚመስለው" ብላ ቀለደችበት። አልተቀየማትም፤ በሕይወቱ እንደዚያ የተዋጣለት ነገር ሠርቶ አያውቅም።

ማቆሚያዎቹ በቆሙበት ምሽት ሸክላው እንደተጀመረ ይርሳው በአጥሩ ዞሮ ወደ ጎጆው ሮጠ። መዳፉን መደቡ ላይ ዘረጋ። ጸጥ ብሏል። ግድግዳውም፣ ማኅደሩም ጸጥ ብለዋል።

"ተወን፣ የኔታ!"

"እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉ የኔታ። "በል አንተም ተቀመጥ፤ የዛሬን አብረኸን ስማ።"

ተማሪዎቹ በጨለማው ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ መወድስ ቅኔ ዘረፉ። የቅኔ ተማሪ ብራና አይዝም፤ አንድ ጊዜ የሰማውን ቃል በጆሮው ይዞ ማስቀረት ነው ሥራው። ቃል በመያዝ የሚስተካከለው የሌለ አካለ ወልድ የሚባል ትልቅ ተማሪ ነበር።

"አካለ ወልድ፣ መልስልኝ" አሉት።

አካለ ወልድ ሦስቱን ቤት ሳያንገራግር አወረደው። አራተኛው ላይ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ግእዝ አልነበረም።

"ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ ቆሜ፣
ደብዳቤሽ ቀረና ባሰ ሕመሜ።"

ተማሪዎቹ ሣቁ። የኔታም ሣቁ። ይርሳው ብቻ አልሣቀም። ከአጥሩ ወዲያ ዘፋኙ ያንኑ ግጥም ሲደግመው አንድ ፊደል እንኳ አልተዋጠም፤ በጎጆው በር ቆሞ የሚያወጋቸው ይመስላል። መሬት ላይ ሳሉ የታፈኑት ድምፅ ማጉያዎች አሁን አፋቸው በመስኮቱ በኩል ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ጉርምርምታው ሲጠፋ ቃሉ ጠርቶ ወጣ። ዓይን ሊኩሉ ማጥፋት ይኼ ነው።

"ሌላ ሰው ይሞክር" አሉ የኔታ። ሌላው ሞከረ፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ዜማው ወደ ሸክላው ዘወር አለበት። ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ የኔታ ይርሳውን ወደ ኋላ አስቀሩት።

"ቀድሞ ሲያጓራ እሄዳለሁ እያልሁም ዝናብ ነው ብዬ እታገሠው ነበር። ዝናብ ቃል የለውም። አሁን ግን የሚናገረው ሰው ነው። እነዚህን ልጆች ቃል ስትሰሙ ያዙ ብዬ ነው ያስተማርኋቸው፤ አትያዙ ማለትን በየት በኩል ላስተምራቸው?"

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ የኔታ።"

"አንተ ምን በደልህ? ሥራህ አማረ እንጂ።"

ይርሳው ቢሰደብ ይሻለው ነበር። በማግስቱ ይርጋነሽ ዘንድ ሄዶ ማቆሚያዎቹን እንድታነሣቸው ለመናት።

"እንዴት አድርጌ?" አለች፤ ከልቧ አዝናለች። "አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ሁሉም ዘፈኑ ገና አሁን ገባን አሉኝ። ከሞጣ ድረስ ሊያዩት እየመጡ ነው። መልሼ ጭቃ ላይ ባስቀምጠው አበደች አይሉኝም?"

"የኔታ ሊሄዱ ነው፣ እትዬ ይርጋነሽ።"

"እንዳትለኝ።" አንገቷን ደፋች። "በጸሎታቸው ነው እኮ የኖርሁት። ድምፁን ቀነስ አደርገዋለሁ፣ በጊዮርጊስ።"

ሁለት ምሽት ቀነሰች። በሦስተኛው አንድ ሞቅ ያለው ደንበኛ ተነሥቶ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ ወዲያ ዝቅ የሚያደርገው ጠፋ። ይርሳው ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ መንገዱ አዞራቸው፤ ማታውኑ የሚጨፍሩት ወደ ራሳቸው መለሷቸው። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ቢጠይቅ ፈቃድ አላት አሉት። ፈቃድማ አላት። እሱም እጁን አጣምሮ ከመመለስ በቀር ያደረገው አልነበረም።

የሞጣ ደብር ሽማግሌዎች ጎጆ ሰጥተዋቸው የኔታ ከነተማሪዎቻቸው ሄዱ። ይርሳው ጓዛቸውን አውቶቡስ ላይ ጫነ፤ ጓዙ ማኅደሩ፣ አንድ ቁርበትና አንድ መቋሚያ ነው። "እየመጣህ ጠይቀኝ" አሉት እንደ ሕፃን እየተያዙ ሲወጡ። ወደ ቤቱ እስኪገባ እንባውን ያዘ፤ ከገባ በኋላ ግን አልቻለም። ደስታነሽ አጠገቡ ተቀመጠች።

መስከረም ሲብት አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ከሞጣ መጣ። ገላው ይባላል፤ ቡና ቤት አለው።

"የይርጋነሽን አይቼ ነው የመጣሁት" አለ። "እኔም ማጫወቻ ገዝቻለሁ። ልክ እንደሷ ያለ ማቆሚያ ሁለት ትሠራልኛለህ።"

"ቡና ቤትዎ ሞጣ የቱ ጋ ነው?"

"ከደብሩ አጥር ሥር። እንዲያውም የእናንተ የቅኔ መምህር ጎረቤቴ ሆነዋል፤ ግቢያቸው ከጓሮዬ ይዋሰናል። ደግ ሰው ናቸው።"

ይርሳው የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ።

"ሥራ በዝቶብኛል፤ አልችልም።"

"ግድ የለም" አለ ገላው ሳይቀየም። "ሞጣም አናጢ አለ። ይርጋነሽን አስፈቅጄ ይዤው እመጣና ያየዋል፤ አይቶ መሥራት አያቅተውም። ካንተ እጅ ይሁን ብዬ ነው እንጂ።"

እውነቱን ነው። በወር ውስጥ ማቆሚያዎቹ ሞጣ ይቆማሉ፤ ዘፋኙም የኔታ ጎጆ በር ላይ ቆሞ ማውጋቱን ይቀጥላል። ከዚያ ደግሞ ወዴት ይሄዳሉ? ግንደወይን? እዚያም አንድ ቀን ማጫወቻ የሚገዛ አይጠፋም። ይርሳው ሰውየውን ትኩር ብሎ አየው።

"እሺ፤ እኔው ልሥራልዎ" አለ።

ገላው እጁን ጨብጦት ሄደ። ይርሳው በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ዋንዛውን አልነካም። ከጥግ የተጣለ ቀጭን የባሕር ዛፍ ጣውላ ሰብስቦ፣ ከጉልበት የማያልፍ፣ ሰፊ፣ ባዶ ሣጥን ይገጣጥም ያዘ። ላዩን ብቻ ቀለም ሊቀባው አስቧል። ደስታነሽ ምሳ ልትጠራው መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ተጠግታ ሣጥኑን በጣቷ መታ አደረገችው። ሣጥኑ ጮኸ።

"ይኼ ማቆሚያ ነው ከበሮ?" አለች። "ድምፅ ማጉያ ሲጫንበት ምኑ ሊሰማ ነው? ጩኸት ብቻ እኮ ነው የሚሆን።"

"ጩኸት ብቻ ነው የሚሆነው። ጩኸቱን የኔታ ዝናብ ነው ብለው ይታገሡታል።"

ሣጥኑን እንደገና መታ አደረገችው። ቆይቶ ገባት።

"ገላው ሲነቃብህ በሌላ ያሠራዋል፣ ይርሳው።"

"ያሠራዋል። እስከዚያ አንድ በጋ ያልፋል።"

"ሞጣ ሁሉ የቢቸናው ይርሳው ሥራ አያውቅም ነው የሚልህ። ስምህ ይጠፋል።"

ይርሳው የቀሩትን ጣውላዎች አንድ በአንድ በጣቱ እየመታ አዳመጣቸው። አብዝቶ የሚጮኸውን መረጠ።

"ይበሉ" አለና ምስማሩን መታበት።