ዓይኑ ያረፈበት

ከዲዛይን ክፍል አስነስቶ መስኮት የሌላት የሙከራ ክፍል ውስጥ የወረወረኝን ሰውዬ «እግዜር ይይለት» ብዬ የምተው ሴት አይደለሁም። ሥራ አስኪያጃችን ነው። ፎቶ መነሳት ነፍሱ ስለሆነ በሌለበት «ሞዴሉ» እንለዋለን። የክሊኒካችንን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። እሱ ግን ክራቫቱን እያስተካከለ የተነሳውን ፎቶ ገጹ አናት ላይ አስለጠፈና የቀጠሮ መያዣዋን ቁልፍ ወደ ታች አስገፋት። ሕመምተኞች ቁልፏን አጣናት እያሉ ስልኩን ሲያጨናንቁት፣ በስብሰባ መሃል ጣቱን ቀሰረብኝ።

«የልጅቷ ሥራ ነው። ገና አልበሰለችም» አለ።

ደሜ ፈላ። ቦታዬንም ስሜንም በአንድ ቀን ነጠቀኝ።

የሙከራ ክፍሉ ሥራ ሰው ገጹ ፊት አስቀምጦ «ቀጠሮ ይያዙ» ማለትና ሲደናበር ማየት ነው። ችግሩ ሰውን ይሉኝታ ይይዘዋል። ፍዳውን አይቶም «ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የክሊኒኩን ባለቤት፣ ዶክተሯን፣ ለምኜ የዓይን መከታተያ መሣሪያ አስገዛሁ። ስክሪኑ ሥር የምትቀመጥ ቀጭን ነገር ናት። ዓይን የት የት እንዳረፈ ትይዛለች፤ ብዙ የታየውን ቦታ ቀይ ትቀባዋለች። ለእሷ ይሉኝታ የሚባል ነገር አይሠራም።

ዶክተሯ ከጸሐፊያቸው ጋር ውጤቱን ሊያዩ ሲመጡ ሞዴሉም ተከትሏቸው ገባ። የሕመምተኞቹ ዓይን ፎቶው ላይ ተጣብቆ መቅረቱን አሳየኋቸው። እሱ ሳቀ።

«እነዚህ ኮምፒውተር የማያውቁ ናቸው። ቁልፏ እኮ ወለል ብላ ትታያለች። እስቲ እኔን ፈትኚኝ!»

ይህችን ቃል ስጠብቅ ነበር የከረምኩት።

«እሺ ጋሼ። መጀመሪያ ይህችን ነጥብ በዓይንዎ ይከተሉልኝ፣ መሣሪያዋ ዓይንዎን እንድትለምደው ነው» አልኩት፣ ድምፄን አለስልሼ።

ነጥቧን እየሳቀ ተከተላት። ገጹን ከፈትኩለት። ቁልፏ የት እንዳለች ስለሚያውቅ ወርዶ ተጫናትና እጁን አጣጠፈ።

«ይኸው! ከቁልፏ ሌላ ምንም አላየሁም።»

ውጤቱን ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን አወጣሁት። ቁልፏን ገርመም አድርጎ አልፏታል። ፎቶው ግን ከግንባሩ እስከ ክራቫቱ ቀልቷል። ፀጉሩን አይቷል፣ ክራቫቱን አይቷል፣ እንደገና ወደ ፀጉሩ ተመልሷል። ጸሐፊዋ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ አለች።

«ራስህን ስታይ ነበር እንዴ?» አሉ ዶክተሯ።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አለ፣ ክራቫቱን እያላላ።

«ፎቶው ይውረድ። አንቺም ልጄ፣ ነገ ወደ ቦታሽ ተመለሽ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እስከ በሩ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት፤ እንዲያውም ኮሪደሩ ረዘም ቢል ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ፎቶውን አነሳሁ። ቦታውን ነጭ አድርጌ ተውኩትና ቁልፏን ከጎኑ አስቀመጥኳት። ሕመምተኞች ገና ሲቀመጡ ያገኟት ጀመር። ለወጉ ያህል እኔም መሣሪያዋ ፊት ተቀመጥኩ፣ ነጥቧን ተከተልኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ።

ውጤቱን ከፈትኩት። ቁልፏን ገርመም አድርጌ አልፌያታለሁ። ፎቶው የነበረበት ነጭ ቦታ ከላይ እስከ ታች ቀልቷል።

ማንም ሳያየው አጠፋሁት።