ፕላኑ ላይ ያለው መንገድ

ግዛው ሦስተኛውን የአጥር ቋሚ ሊተክል ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ውብነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ጉድጓዱን ተሻገረች።

"ኧረ በሕግ አምላክ! የሰው ግቢ እኮ ነው!"

"እንደምን አደሩ ጋሽ ግዛው። እስከ ትናንት መንገድ ነበር።"

እውነቷን ነው። ግዛው አባል የሆነበት የቤት ሠሪዎች ማኅበር ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ መካኒሳ አቦ አጠገብ ቦታ ሲያከፋፍል፣ ለግዛው የደረሰው ዕጣ የሰፈሩ ሴቶች ወደ ክር ፋብሪካው የሚሄዱበትን የእግር መንገድ ጠቅልሎ ያዘ። ሰውየው ምን ያድርግ? ዕጣ አይመረጥም! ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በዚያ ዘመን አውቶቡሱ አንድ ቀን ቢመጣ ሁለት ቀን ይቀራል፤ ሴቶቹ በአውቶቡሱ ተስፋ ቆርጠው በእግራቸው ይሄዳሉ። ፋብሪካው ደግሞ ላረፈደ ምሕረት የለውም። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድገው ውብነሽ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሦስተኛው ስንብት ነው።

ግዛው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነውና ወረቀት ያምናል። "ስሚኝ፣ ከቦታዬ ጀርባ ስምንት ሜትር መንገድ አለ። የማኅበሩን ፕላን በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ሄደውበት ያውቃሉ?"

ግዛው አንድ ቀን እንኳ አልሄደበትም።

"እንግዲያው ነገ እርስዎ በፕላንዎ፣ እኔ በእግር መንገዴ እንሂድ። ፋብሪካው በር ቀድመውኝ ከደረሱ አጥሩን ይጨርሱ። ቃል አይወጣኝም።"

"እሺ፣ ቃል ነው!"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። የፕላኑ መንገድ ለመቶ እርምጃ ያህል ደህና ሣር ነበር። ከዚያ በኋላ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል መጣ። ግዛው በቂጡ ተንሸራቶ ወረደ፤ አንድ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከወዲያ ማዶ ላሞቹን የሚያሰማራው የአገሬው ገበሬ ለሜሳ ቆሞ ያየዋል።

"ጌታው፣ ምን ጠፋብህ?"

"መንገዱ!"

"እዚህ? አምና አንድ ጥጃዬን የበላ ገደል ነው እኮ!"

"ፕላኑ ላይ ግን..."

"ፕላኑን የሠራው ሰው ክረምት ላይ አልመጣማ" አለና ለሜሳ እጁን ይዞ ጎትቶ አወጣው።

ግዛው ፋብሪካው ሲደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"አርፍደሃል። ነገ ተመለስ።"

"ሠራተኛ አይደለሁም። ውብነሽ ገብታለች?"

"ድሮ!"

ግዛው እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። ዛሬ በፕላኑ መንገድ ብትመጣ ኖሮ ከሥራ መባረሯ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የተከላቸውን ቋሚዎች ነቅሎ፣ ለሴቶቹ መተላለፊያ እንዲተርፍ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ መቆፈር ጀመረ። ሚስቱ ጤናዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣችበት።

"ምን ነካህ ሰውዬ? ስድስት ዓመት የጠበቅነውን መሬት?"

"ሁለት እርምጃ ነው።"

"ወጥ ቤቱስ?"

"ይጠባል።"

"ለሴቶቹ ከሆነ ግማሽ እርምጃ መች አነሳቸው? ተራ በተራ ይለፉ!"

"መኪና እንደሆን እዚህ አይገባም" አለ ግዛው ላቡን እየጠረገ። "ነገ አንቺ ወይም እኔ ብንታመም፣ አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ በግማሽ እርምጃ ያልፋል?"

ጤናዬ ቦታውን አየች፤ እሱን አየች።

"እንግዲያው ሁለትም አይበቃም" አለችና ሦስተኛውን እርምጃ ራሷ ወደ ግቢው ውስጥ ረገጠች።