ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ የለም

ኢንጂነር ስቶይመን ስብሰባ ይወዳል። መውደድ ብቻ ነው እንዴ! ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ባኒጻውን፣ ያንን አይብ የተሞላ ቂጣ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይገባና፣ የአይቡ ቅባት ከጣቱ ሳይደርቅ «ኑ እስቲ፣ አንዴ ሰብሰብ እንበል» ይላል። ያቺ «አንዴ» የምታልቀው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ የጠዋቱ ስብሰባ ምን ላይ እንደደረሰ የሚታይበት ሌላ ስብሰባ አለ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

ቢሮው በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ ያለች ትንሽ ቢሮ ናት፤ የሕንፃ ጥንካሬ ታሰላለች። ምሰሶው ምን ያህል ብረት ይፈልጋል፣ ጣሪያው የክረምቱን በረዶ ይችላል ወይ፣ የሚለውን ዝላትካና ወጣቱ ኦግኒያን ያሰላሉ። ስቶይመን መርምሮ ይፈርማል። ከሱ በቀር ማንም እንዳይፈርም ደንብ ያወጣውም ራሱ ነው።

ታዲያ በጸደይ መጀመሪያ ላይ ዝላትካ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች። ብዙ ዓመት አብራው ስትሠራ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት።

«አለቃ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ አይኑር። እስከ ምሳ ድረስ ማንም በሬን አያንኳኳ።»

«ምነው ልጄ፣ ባኒጻው ሰለቸሽ እንዴ?»

«እየቀለድኩ አይደለም። ካልሆነ ሌላ ቢሮ ጠርቶኛል፤ እሄዳለሁ።»

ስቶይመን ክው አለ። እሷ ከሄደች ቢሮው አንድ ወር እንደማይቆም ልቡ ያውቀዋል። «እሺ፣ እሺ በቃ፣ እንዳልሽ» አለ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ መጣ። ቢሮው ጸጥ አለ። ስቶይመን እርሳሶቹን ደረደረ። መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ ውሃ አጠጣ፤ ቆየና ረስቶት ደግሞ አጠጣት፣ ወለሉ እስኪረጥብ። ስልኩን አየ፤ ማንም አልደወለም። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ፊርማውን የሚጠብቅ የአንድ ትምህርት ቤት መወጣጫ ደረጃ ስሌት መኖሩ ትዝ አለው። «እስቲ እንደ ድሮው ቁጭ ብዬ ልመርምረው» ብሎ መነጽሩን አጠለቀ።

ድሮማ ስቶይመን ስቶይመን ነበር! ንድፉን ገና ከሩቅ አይቶ «እዚህ ጋ ይሰነጠቃል» ይል ነበር፤ ይሰነጠቃልም።

የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ አንድ ቁጥር ያዘው። ከየት መጣ? ወደ ኋላ ገለጠ፤ የለም። በአዲሱ የግንባታ ደንብ የተሠራ ነው። አዲሱ ደንብ ሲወጣ እሱ ምን አደረገ? ስብሰባ ጠራበት። የስሌቱን የኮምፒውተር ፕሮግራምም የገዛው ራሱ ነው፤ ከፍቶት ግን አያውቅም። አንገቱን ላብ አጠመቀው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ፊቱ ግን በርበሬ መሰለ። ስንት ቤት እንዲህ ፈርሜ አሳለፍኩ? ይቺስ ደረጃ፣ ልጆች እየተጋፉ የሚሮጡባት አይደለችም?

እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ማፈር ነበረበት። አልቻለም። ብድግ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ወጣና አጨበጨበ።

«ኑ እስቲ! አምስት ደቂቃ ብቻ!»

የዝላትካ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ኦግኒያንም ጥርሱን ነክሶ መጣ። ተቀመጡ። ስቶይመን አፉን ከፈተ፤ የሚለው ነገር የለም። ስለ ወጥ ቤቱ ኩባያዎች አለመታጠብ ተናገረ። ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። ያፈረ ሰው መግቢያ ሲያጣ ይቆጣል፤ ስቶይመንም ተቆጣ።

«ለመሆኑ ዝላትካ፣ የኔ እመቤት፣ ለምነሽ ባገኘሽው ጠዋት ምን ሠራሽ? በር መዝጋትማ እኔንም አያቅተኝም! የገበያ አዳራሹ ስሌት የታለ?»

ዝላትካ ጠረጴዛውን አየች። «ይደርሳል፣ አለቃ።»

«ይደርሳል! ሁሌ ይደርሳል!»

«የእርስዎን ሥራ ነው የምትሠራው!» ኦግኒያን አፈነዳው።

«ኦግኒያን፣ ተው በናትህ!»

«አልተውም! ሳያነቡ እንደሚፈርሙ እኛ የማናውቅ መስሎዎታል? የኔን ስሌት እሷ ትመረምራለች፤ የሷን እኔ። እርስዎ ጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው! ድሮ ቤቷ ወስዳ እሁድ እሁድ ታየው ነበር፤ አሁን እናቷ ታመሙባት። ሁለት ጠዋት የለመነችው ለዚህ ነው፤ እርስዎ እንዳይጠየቁ!»

ባኒጻው እንደተጠቀለለ ቀዝቅዟል። ስቶይመን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«እውነት ነው?» አላት።

«ሰው የሚኖርበት ቤት ነው እኮ፣ አለቃ» አለች። ልታሳፍረው አልፈለገችም፤ የባሰውም ያ ነው።

ሐሙስ ባዶ እጁን መጣ። ይቅርታ ሊጠይቃት ሌሊቱን ቃል ሲመርጥ አድሯል። ቀጥ ብሎ ሄዶ በሯ ላይ እጁን አነሣ። ሊያንኳኳ ሲል ቀኑ ትዝ አለው። ለይቅርታውም ጠዋቷን ሊወስድባት! እጁን አውርዶ እንደ ሌባ በእግሩ ጣት እየረገጠ ተመለሰ። የደረጃውን ስሌት ከፈተና ቁጭ አለ። ሀፍረቱም አብሮት ቁጭ አለ፤ የሚያባርርበት ስብሰባ አልነበረውም።

ምሳ ሲደርስ ዝላትካ የገበያ አዳራሹን ስሌት ይዛ ገባችና ብዕሩን አጠገቡ አስቀመጠች።

«ይፈርሙበት።»

«አልፈርምም። የመረመረው ኦግኒያን አይደል? እሱ ይፈርም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ሽሬዋለሁ።» ብዕሩን ወደ እሷ መለሰ። «የማክሰኞውን… ይቅር በይኝ። ብዙ ዓመት በድዬሻለሁ።»

ዝላትካ ብዕሩን ተቀበለች። ስቶይመን የደረጃውን ስሌት ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«እና ደግሞ… ይቺ ቁጥር ከየት እንደመጣች ብታሳዪኝ። ከምሳ በኋላ።»

ጎንበስ ብላ አየች። ሙሉ ጠዋት ተቀምጦ፣ ጣቱ አሁንም ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። አልሳቀችም።

«ሰኞ ከሰዓት ይሻላል፣ አለቃ። ዛሬ ሥራ አለብኝ።»

«እሺ» አለ፤ ተነሥቶም በሩን ከፈተላት።